በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚነገር ኑዛዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ስለ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሹመት ነው። ሹመቱ ከምን እንደ ተነሣ ግን ቆም ብለን እንመልከት። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗ በበዙ ጊዜ ማጕረምረም ተነሣባት። የማጕረምረሙ ምክንያት የሃይማኖት ክርክር አልነበረም። ቋንቋቸው ግሪክ የሆነ አይሁድ፥ በየቀኑ ምግብ ሲታደል መበለቶቻችን ይረሳሉ ብለው አዘኑ። ዕብራይስጥ የሚናገሩት መበለቶች አልተረሱም ነበርና።

ሐዋርያት ይህን በሰሙ ጊዜ ያዘኑትን አልገሠጹም፤ ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን፥ የቋንቋ ነገር ምን ያደርጋል ብለውም አላለፉትም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉና እጃቸውን ጭነው ሾሙአቸው። የሰባቱን ስም አንድ በአንድ የሚያነብ ሰው ሁሉም የግሪክ ስም መሆኑን ያስተውላል፤ እንዲያውም ከመካከላቸው ኒቆላዎስ የተባለው ከአንጾኪያ የመጣ፥ ከአሕዛብ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባ ሰው ነበር። እንግዲህ አቤቱታው ከመጣበት ወገን የአቤቱታው መልስ የሚሆኑ አገልጋዮች ተገኙ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ ያነሣነው ስለ ድሬ ዳዋ ከተማ፥ በተለይም በዚያ ስላሉት ኦሮምኛ ተናጋሪ የተዋሕዶ ልጆች ለመናገር ነው።

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዚያ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ አዲስ ሐረር ብለው ሰይመዋት ነበር፤ ሕዝቡ ግን የቀድሞ ስሟን አልለቀቀም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስና ከዚያም በኋላ፥ ግሪኩም አርመኑም፥ ፈረንሳዩም ጣሊያኑም፥ የመኑም ህንዱም ከኦሮሞውና ከሶማሌው፥ ከአማራውና ከሐረሪው፥ ከጉራጌውም ጋር በከዚራና በመጋላ ተጎራብቶ ኖሯል። ስለዚህ የድሬ ዳዋ ልጅ ቋንቋ መማሩን እንደ ትምህርት አይቈጥረውም። በቀፊራ ገበያ በአማርኛ ዋጋ ጠይቆ፥ በኦሮምኛ ተከራክሮ፥ በሶማሊኛ ተሳስቆ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጸጋ ለብዙ ከተማ አልተሰጠም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቈጠራ በድሬ ዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው ተቈጥሯል፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዝቷል። በዚያ ቈጠራ ከመቶው 46 ያህሉ ኦሮሞ፥ 24 ያህሉ ሶማሌ፥ 20 ያህሉ አማራ ነበረ። በሃይማኖት ሲታይ ደግሞ ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፥ 26 ያህሉ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ኦርቶዶክሳዊ በእነዚህ ቍጥሮች መካከል የት እንደሚገኝ አስቡ። በቋንቋ ወገኖቹ ዘንድ በሃይማኖቱ ጥቂት ነው፤ በሃይማኖት ወገኖቹ ዘንድ ደግሞ በቋንቋው ጥቂት ነው። ከጨርጨር ደጋ ይምጣ ወይም ከሸዋ፥ ከወለጋ ለሥራ ወይም ለትምህርት ይምጣ፥ በሁለቱም ማዕድ ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

አንድ ወንድም፥ ታዲያ አማርኛ ይሰማ የለምን? ይለን ይሆናል። አዎን፥ ብዙው ይሰማል። በገበያ የሚበቃውን ያህል ይሰማል፤ ዐውደ ምሕረት ላይ የሚሰበከውንም በከፊል ይከተላል። ስለዚህም ችግሩ የለም ወይም አልፏል የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኛ ግን ችግሩ የሚታወቀው በስብከት ሰዓት አይደለም እንላለን፤ የሚታወቀው በኑዛዜ ሰዓት ነው።

ስብከትን በሁለተኛ ቋንቋ መስማት ይቻላል። ያልገባውን ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ዛሬ ያመለጠውን በሚቀጥለው እሑድ ያገኘዋል። ኃጢአትን በሁለተኛ ቋንቋ መናዘዝ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው? ሰው በተበደረው ቃል ዋጋ ይከራከራል፤ ዕንባውን ግን በተበደረው ቃል አያፈስም። በቅናትና በቂም መካከል፥ በመመኘትና በመፍቀድ መካከል፥ ሳያውቁ በመሳትና እያወቁ በመሳት መካከል ያለውን ልዩነት የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። ካህኑም ቀኖናውን የሚሰጠው ይህን ልዩነት ሰምቶ ነው። ሐኪም ሕመምተኛው የት እንደሚያመው ሳይሰማ መድኃኒት ቢያዝ ምን እንለዋለን?

እስቲ በአሳብ አንዲት እናት እናስብ። በገጠር ተወልዳ በስተርጅና ወደ ልጅዋ ቤት፥ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ፥ የመጣች እናት ትሁን። የንስሐ አባት ይመጣሉ፤ አማርኛ ብቻ ያውቃሉ። ልጅቱ በመካከል ተቀምጣ ታስተረጕም ይሆን? እናት በወጣትነቷ ያደረገችውን፥ ምናልባትም ስለዚህችው ልጅ ከባሏ የሰወረችውን ነገር፥ በልጅዋ አፍ ለካህኑ ትነግራለችን? አትነግርም። ጾም መግደፏን፥ ጎረቤት መስደቧን ተናግራ ዝም ትላለች። ካህኑም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው ይሄዳሉ። የኑዛዜ ምሥጢር በካህኑና በተናዛዡ መካከል የሚቀር ነው፤ ሦስተኛ ጆሮ ከገባበት ምሥጢርነቱ ጐደለ። ያቺ እናት ሥጋ ወደሙን ሳትቀበል ብትቀር፥ ወይም ያልተናገረችውን ይዛ ብትሞት፥ ማን ይጠየቅበታል? ለቤተ ክርስቲያን ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ጕዳይ አለው?

ስለዚህ ለጥቂት ቋንቋ ተናጋሪ ጉባኤ የመጀመሪያ ስጦታችን ሰባኪ እንልካለን የሚል መሆን የለበትም። ሰባኪ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ሊመለስ ይችላል። ከሕዝቡ ጋር የሚኖር፥ በሌሊት ሲጠራ የሚመጣ፥ ክርስትና የሚያነሣ፥ ሲሞቱም የሚፈታ፥ ቋንቋቸውን የሚሰማ የንስሐ አባት ያስፈልጋል። ጉባኤ የሚጸናው በዚያ ነው።

ከዚህ ላይ ለቤተ ክርስቲያን ጥንታዊነት የሚቀኑ አንዳንድ ሰዎች ይሠጋሉ። ቋንቋ ሲበዛ አንድነት ይላላል ይላሉ። ቅንዓታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን የምንወደው ግእዝ ራሱ እንዴት የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆነ? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ የመጡ፥ ግሪክኛ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ቅዱስ አትናቴዎስ ሾመው በላኩአቸው ጊዜ የአክሱምን ሰው ግሪክ ካልተማርህ አትጠመቅም አላሉትም። ኋላም ተስዓቱ ቅዱሳን ከየአገራቸው መጥተው የአገሩን ቋንቋ ተምረው መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱ። ግእዝ ወደ ቅዳሴው የገባው በትርጕም በር ነው።

አማርኛም ቢሆን ከሰማይ ከነካህኑ የወረደ አይደለም። ሊቃውንቱ መጽሐፉን በግእዝ አንብበው፥ አንድምታውን የሚያወርዱት በአማርኛ ነው፤ ደቀ መዝሙር እንዲገባው ስለ ፈለጉ። ዛሬ አማርኛ የቤተ ክርስቲያን ነው፥ ኦሮምኛ ግን የገበያ ነው የሚል ሰው፥ አማርኛ ራሱ ትናንት በዚሁ ደጅ ቆሞ እንደ ነበረ ረስቷል።

የእስክንድርያን ታሪክ ደግሞ እንጨምር። ለብዙ ዘመን ጳጳሳችንን ታመጣልን የነበረች ቤተ ክርስቲያን ናትና ምስክርነቷ ይከብዳል። የግብፅ ሕዝብ ቅብጥኛውን እየተወ ዐረብኛ በተናገረ ጊዜ፥ ከ1131 እስከ 1145 እ.ኤ.አ. በመንበሩ የነበሩት ዳግማዊ አባ ገብርኤል ወንጌሉ በቅብጥኛ ከተነበበ በኋላ ሕዝቡ በሚሰማው በዐረብኛ እንዲነበብ ፈቀዱ። ቅብጥኛው ከመቅደሱ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም ይዜማል። ሕዝቡም አልጠፋም። ሁለቱ አብረው የኖሩት አንዱ ሌላውን ስላላባረረው ነው።

ትርጕም ቀላል ሥራ ነው ግን አንልም፤ ቀላል ነው የሚል ሞክሮት አያውቅም። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። የተረጐመው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነጥቆ ለባርነት የተሸጠ፥ በምጽዋ ነፃ የወጣ ሰው ነበር፤ እንደርሱ ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ሴትም ቃላትን በመሰብሰብና በማቃናት ብዙ ደክማለች። ሁለቱም የተማሩት በስዊድን ሚስዮናውያን ቤት እንጂ በእኛ ዘንድ አይደለም። ይህን የምንናገረው ለሙግት አይደለም፤ ለወገን ቋንቋ የተከፈለው ድካም በሌላ ቤት እንደ ተከፈለ ማወቅ ስለሚገባን ነው። መጽሐፉ የታተመው በስዊስ አገር ቢሆንም የተጻፈው በእኛው ፊደል ነው።

ዛሬ ግን ፊደሉ ራሱ ጥያቄ ሆኗል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ የኦሮምኛ ጸሎት በግእዝ ፊደል ሲሰጡት አያነበውም፤ አረጋዊው ዲያቆን ደግሞ ቁቤውን አያነበውም። አንዱን ለሌላው ሲል ማስቀየም አይገባም። የግእዝ ፊደል የጠበቀውንና የላላውን አይለይም፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አለ የሚለውን ቃል ስናይ ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት ይሁን ከአገባቡ እንረዳለን። በኦሮምኛም በዳ ብለን ብንጽፍ፥ ሲላላ ክፉ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። ቋንቋውን ከእናቱ የሰማ ሰው አይሳሳትም፤ ቋንቋውን ገና የሚማር ካህን ግን በዐውደ ምሕረት የደጋውን ሰው ክፉ ሰው ሊያደርገው ይችላል! ስለዚህ የጸሎት መጽሐፍ በሁለቱም ፊደል ጎን ለጎን ቢታተም ወረቀት ይበዛ ይሆናል እንጂ ሃይማኖት አይጐድልም።

የቃል ምርጫም አለ። መንፈስ ቅዱስን በኦሮምኛ ሐፉራ ቁልቁሉ ይሉታል፤ ሐፉራ እስትንፋስ ማለት ነው። አንዳንዱ ይህ ቃል ለእንዲህ ያለ ከፍ ያለ ምሥጢር ያንሳል ይላል። ነገር ግን ነፋስ፥ ነፍስ፥ መንፈስ የሚሉት የራሳችን ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ አይደሉምን? የአክሱም ተርጓሚዎችም የሚነፍሰውን ነገር ስም ወስደው በጥምቀትና በትምህርት ከፍ አደረጉት። እግዚአብሔር የምንለው ስም እንኳ ሲፈታ የአገር ጌታ ማለት ነው። ቃል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደ ንኡሰ ክርስቲያን ነው፤ መጀመሪያ ይማራል፥ ቀጥሎ ይጠመቃል። ተዋሕዶ የሚለውን የመሰለ ደግሞ ሳይተረጐም እንዳለ ቢወሰድ ነውር የለበትም፤ እኛም ከዕብራይስጥና ከግሪክ ብዙ ወስደናል።

የዜማውን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። በቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ በግእዝም ሆነ በዕዝል ወይም በአራራይ፥ የኦሮምኛ ቃል ሲገባ የቃሉ ርዝመትና የዜማው ርዝመት እንዲስማማ ዜማ ዐዋቂና ቋንቋ ዐዋቂ አብረው መቀመጥ አለባቸው። በልዩ ልዩ ቦታ በኦሮምኛ ተቀድሷል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚባለው አልቋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን በብዛት ያሉት ጎጃምን፥ ጎንደርንና ወሎን በመሳሰለው አገር ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ደክሞ የተማረ መሪጌታ ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ቋንቋው እንግዳ ይሆንበታል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ ደግሞ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ቢሄድ ለማኝ ተማሪ ሆኖ በማያውቀው ቋንቋ ኮቸሮ መጠየቅ አለበት። ጥቂቱ ጉባኤም ደሞዝ የሚከፍልበት ገንዘብ የለውም። ካህን ስለሌለው ምእመኑ ይቀንሳል፤ ምእመኑ ስለ ቀነሰ ካህን መቅጠር አይችልም። ልጆቹም በቋንቋቸው ወደሚያነጋግራቸው ወደ ሌላ ማኅበር ይሄዳሉ። የሄዱትን መውቀስ ይቀልለናል፤ በር ላይ ማን ቆሞ እንዳነጋገራቸው መጠየቅ ግን ይከብደናል።

ይህ ጕዳይ ሲዘገይ ምን እንደሚያመጣ በ2015 ዓ.ም. አይተናል። በጥር ወር ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ በወሊሶ አጠገብ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን ባሉ ጊዜ፥ ካቀረቡት ምክንያት አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ታወከች፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በየካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደርጎ፥ በቋንቋ የማገልገሉ ሥራ እንዲጠናከር ተባለ። ሹመቱ ሥርዓትን የጣሰ ነበረ፤ ይህን አናድበሰብስም። ረኃቡ ግን ውሸት አልነበረም። በኢየሩሳሌም የመበለቶቹ ነገር በሐዋርያት እጅ ስለ ተፈታ መለያየት አልሆነም፤ ሐዋርያት ቢዘገዩ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

ስለ ስብከት ስንናገር ደግሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በድሬ ዳዋ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ግቢ ቡና እየጠጣን፥ በለቅሶና በሠርግ እየተረዳዳን ኖረናል። በኦሮምኛ እናገልግል ማለታችን የጎረቤትን ሰላም ለመንካት አይደለም። ተጠምቀው ሳለ ያልተናዘዙ፥ ክርስትና ተነሥተው ሳለ ያልተማሩ የራሳችን ልጆች አሉ፤ ወንጌል መጀመሪያ ከእነርሱ ዘንድ ዕዳ አለበት።

የቍልቢን በዓል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመፈጸም ያሠሩት የቅዱስ ገብርኤል ደብር በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከመላው ኢትዮጵያ የመጣ ሕዝብ ይሞላዋል፤ ብዙው ሰው በድሬ ዳዋ በኩል ያልፋል። በዙሪያው ያለው ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ተሳላሚው ሁሉ በየቋንቋው ይሳላል፥ መልአኩም አስተርጓሚ ሳይሻ ልመናውን ያደርሳል። በበዓሉ ማግሥት ግን እንግዳው ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ያ የአገሩ ምእመን ዓመቱን በሙሉ ከማን ጋር ይነጋገር?

መልሱ ከሩቅ የሚመጣ አይመስለንም። በድሬ ዳዋ ብዙ ዲያቆን በቀፊራ ኦሮምኛ ሲናገር ውሎ፥ ማታ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲወጣ ኦሮምኛውን ከጫማው ጋር በደጅ ያወልቀዋል። ማን አውልቅ አለው? እንዲህ ያለውን ዲያቆን አስተምሮ ለክህነት ማብቃት፥ አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ መምህር ቋንቋ ከማስተማር ይፈጥናል። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ በዩኒቨርሲቲውም ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ ይሰበሰባሉ። ከእነርሱ ውስጥ ፈቃደኛውንና ጨዋውን መርጦ፥ ወደ አብነት ትምህርት ቤት መላክና እስኪመለስ ድረስ ልብሱንና ቀለቡን መቻል የጥቂቱ ጉባኤ ሸክም ሊሆን አይገባም። አማርኛ ተናጋሪው፥ ሙዳየ ምጽዋቱ የሚሞላለት ትልቁ ደብር ይህን ይሸከም። በሐዋርያት ሥራም መበለቶቹ ለራሳቸው ዲያቆን ቅጠሩ አልተባሉም።

ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ፊልጶስ ነበረ። በምዕራፍ 8 እንደምናነበው ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ወደ ሠረገላው ሮጦ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ የኢትዮጵያውን ጃንደረባ የጠየቀው፥ ከጎኑም ተቀምጦ የተረጐመለትና ያጠመቀው ይኸው ፊልጶስ ነው። የእኛ የጥምቀት ታሪክ የሚጀምረው በቋንቋ ምክንያት ላዘኑ ድኾች ሲባል በተሾመ ሰው እጅ ነው።

እንግዲህ በድሬ ዳዋና በአካባቢው ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፥ የዓመቱን በጀት ለመመደብ ስትቀመጡ ለሕንፃውና ለቀለሙ፥ ለድምፅ ማጕያውም ከምትይዙት ጋር የአንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ደቀ መዝሙር የዓመት ቀለብ አብራችሁ ያዙ። ኦሮምኛ የምትሰሙ ቀሳውስት ደግሞ፥ በየትኛው ቀንና ሰዓት ለኑዛዜ እንደምትቀመጡ በደጀ ሰላሙ በሁለቱም ፊደል ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችሉትም ከቅዳሴ በኋላ በኦሮምኛ ይነገርላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።